ቀለሙ ይከፈልበታል፤ ታሪኩስ?

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሹ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አይተናል። ለሚቀጥለው ዕትም አጭር ልብ ወለድ ታሪኮች እንዲቀርቡ ይጠይቃል። ርዝመቱ ከአራት ገጽ እንዳይበልጥ፣ በንጹሕ ወረቀት በአንድ ወገን ብቻ እንዲጻፍ፣ ስርዝ ድልዝ እንዳይበዛበት፣ ከተባለው ቀን እንዳያልፍ፣ ላልተመረጠ ጽሑፍ መልስ እንደማይሰጥ፣ የገባውም ወረቀት ለባለቤቱ እንደማይመለስ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። አንድ ነገር ብቻ ተረስቷል፤ ይኸውም ታሪኩ ለተመረጠለት ጸሐፊ ምን እንደሚከፈለው ነው።

ይህንኑ አንዱን የማኅበራችንን ኃላፊ ብንጠይቀው ሳቀ። «ስማችሁ ታትሞ ይወጣላችኋል፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለን። የምንፈልገውን በጽሑፍ እንነግርሃለን ብለን ተለየነው። ይኸውና።

ውድ አንባብያን፣ ይህ አሁን በእጃችሁ ያለው ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ እስቲ ልብ በሉ። ወረቀቱ በደስጣ ከሱቅ ይገዛል፤ ባለሱቁ በዱቤ እንኳ አይሰጥም። ስቴንስሉና ቀለሙ በብር ይገዛሉ። የማባዣው መኪና ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው የድካሙን ሳይቀበል አይሄድም። የምትተይበው እኅታችን ደመወዝ አላት፤ ይገባታልም፤ የእኛን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ብቻውን ደመወዝ የሚያሰጥ ሥራ ነው። ወረቀቱን ከመኪና አውርዶ በትከሻው ያመጣው ወዛደር «ለስምህ ነው» ቢባል ኖሮ ሸክሙን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄድ ነበር፤ እውነቱንም ነው። ከዚህ ሁሉ ተከፋይ መካከል በነጻ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ አለ። እርሱም፣ እርሱ ባይኖር ወረቀቱ ነጭ እንደ ሆነ የሚቀረው ሰው ነው።

በነጻ መጻፍ የአገራችን ልማድ ነው የሚሉ አሉ። ልማዱን አያውቁትም። የድሮው ቁም ጸሐፊ ዳዊት ወይም ድርሳን ጽፎ ሲጨርስ እንደ ውሉ በብር ወይም በእህል ዋጋውን ይቀበል ነበር። በእኛ በወሎ ክታብ የሚጽፈው ደብተራም ሆነ ሼኽ ባዶ እጁን አይሸኝም። በየከተማው እንደሚታየው ሁሉ፣ አቀስታም ላይ የገበሬውን አቤቱታ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ በገጽ ያስከፍላል። (ከሚጽፈውም ውስጥ ብዙው ልብ ወለድ መሆኑን ዳኛው ሳይቀር ያውቃል።) አዝማሪው ግጥሙን በተናገረባት ሌሊት፣ ገና ማሲንቆው ሳይቀዘቅዝ ሽልማቱን ያገኛል። እንግዲህ ክታብ ይከፈልበታል፣ አቤቱታ ይከፈልበታል፣ ዘፈን ይከፈልበታል። አራት ገጽ ታሪክ ለመጻፍ አራት ወር ሌሊቱን የሚያነጋው ልጅ ሲመጣ ግን «ጥበብ በገንዘብ አይለካም» የሚል ስብከት ይጀመራል።

ከመካከላችን የአንዱ የመጀመሪያ ታሪክ በአንድ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ለበዓል አቀስታ ሲገባ መጽሔቱን ለአባቱ ይዞላቸው ሄደ። አባትየው ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ የልጃቸው ስም ያለበትን ቦታ አስጠቁመው በጣታቸው ዳሰሱትና «ተባረክ ልጄ» አሉ። ከዚያም «ስንት ሰጡህ?» ሲሉ ጠየቁ። ምንም እንዳልሰጡት ሲነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ወንፈል ነው በለኛ! ደግ ነው። ያንተን ተራ መቼ ይመጡልሃል?» አሉት።

ይህን ጥያቄ ባላገርነት የሚሉት ይኖራሉ። እኛ ግን ስለ ሥነ ጽሑፍ ምጣኔ ሀብት ከሰማናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው እርሱ ነው እንላለን። በነጻ የሚሠራ ሥራ በገበሬው ዘንድ አለ፤ ግን ተራ አለው። ዛሬ እኔ አርስልሃለሁ፣ ነገ አንተ ታጭድልኛለህ። መጽሔቱ መጥቶ የማንን ማሳ አጨደ?

አሁን ወደ መምህራኖቻችን እንምጣ፤ ይህን ስንል በአክብሮት ነው። «እውነተኛ ደራሲ ለገንዘብ አይጽፍም፤ የቀድሞዎቹን ተመልከቱ» ሲባል በክፍልም በሻይ ቤትም ሰምተናል። እሺ፣ እንመልከታቸው። ልብ ወለድ የሚለውን ስም ያተረፈልን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ፤ ደራሲው በናፖሊ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ያም አልበቃ ብሎ ጎሐ ጽባሕ የሚባል የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በሠሩባቸው ዓመታት ልብ ወለድ ያሳትሙ ነበር። «አርአያ»ን በ1941 ዓ.ም. ያወጡት ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ባለ ከፍተኛ ሥልጣን ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. የሰጡን ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነው አገልግለዋል።

እነዚህን አባቶች ልናሳንሳቸው አልተነሣንም። ሥራቸው ባይኖር ይህን የምንጽፍበት ቋንቋ እንኳ እንዲህ አይታዘዝልንም ነበር። ዳሩ ግን ከታሪካቸው የሚወጣው ትምህርት ደራሲ ገንዘብ አያስፈልገውም የሚል አይደለም። ደራሲ ደመወዝ ነበረው የሚል ነው። ደመወዙን የከፈለው አንባቢ ሳይሆን ግምጃ ቤቱ ነበር። ሌሊት በፋኖስም ይሁን በኤሌክትሪክ የሚጽፍ ሚኒስትር ቀለቡ ቀን ተሠርቶ ያደረ ነው። እንግዲህ «እንደ ቀድሞዎቹ በነጻ ጻፉ» የሚለን ሰው ከነጻው በፊት ሚኒስትርነቱን ቢሰጠን ምን ነበረበት?

ደመወዝ የሌለው ሰው በብዕሩ ለመኖር የሞከረ እንደሆነ ምን እንዳገኘው አቤ ጉበኛን መጠየቅ ይበቃል። አቤ ከመንግሥት ሥራ ወጥተው በድርሰት ብቻ ለመኖር ከደፈሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነበሩ። «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተለቀመ፤ እርሳቸውም ኋላ ወደ ጎሬ ተግዘው ኖረዋል። ለእንደዚያ ያለ ሰው የመጽሐፍ መታገድ የሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የወሩ የቤት ኪራይ ጭምር ነው። በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ከወጣ በኋላ በመጀመሪያ ያጣው የመንግሥት ሥራውን ነበር፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ እርሱ ራሱ ጠፋ። እንጀራው በአንድ ጌታ እጅ ያለ ደራሲ ነጻነቱም በዚያው እጅ ነው። ስለዚህ ስለ ክፍያ መናገር ከነጻነት ያነሰ ወሬ የሚመስላቸው ወንድሞቻችን ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል።

ስለ አጭር ልብ ወለድ ለብቻው አንድ ነገር እንበል፤ ጉዳቱ የጠናው በእርሱ ነውና። የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ነው የሚባለው የተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» በ1941 ዓ.ም. ወጣ። ረዥም ልብ ወለድ የጻፈ ሰው መጽሐፉን ተሸክሞ ገበያ ይወጣል። አንድ አጭር ታሪክ የጻፈ ሰው ግን ምን ተሸክሞ ይወጣል? የአጭር ታሪክ ገበያው መጽሔትና ጋዜጣ ነው። በንጉሡ ዘመን መነን፣ በደርግ ዘመን የካቲት የመሳሰሉት መጽሔቶች ለታሪክ ገጽ ነበራቸው። በ1970ዎቹ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የበርካታ ጸሐፊዎችን ታሪኮች በአንድ ላይ እየሰበሰበ ያወጣ ነበር፤ «አባ ደፋር» በሚባለው ስብስብ ውስጥ ያኔ ገና ወጣት የነበረው የአዳም ረታ ሥራ ይገኝበታል። ያ ወጣት ዛሬ በአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ከማንም ወደ ኋላ የማይባል ሰው ነው። በር ሲከፈት ማን እንደሚገባ አስቀድሞ አይታወቅም።

በዚያ በር ላይ ሳንሱር ቆሞ ነበር፤ ይህንን አንረሳም፤ ማንም ወደዚያ ዘመን መልሱን አላለም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ወጣና ሳንሱር ቀረ፤ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። በ1992 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ አድማስ ለሥነ ጽሑፍ ገጽ በመስጠቱ ስንቱን አስነበበ። ነገር ግን ከነዚያ መጽሔቶች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ ገሚሱን ፖለቲካ፣ ገሚሱን የወረቀት ዋጋ በላው። እንደ ኩራዝ ያለ፣ ከአዲስ ጸሐፊ የእጅ ጽሑፍ ተቀብሎ በራሱ ወጪ የሚያሳትም ድርጅትም ተመናምኗል። ሳንሱሩ ከቢሮው ሲወጣ ገንዘብ ያዡንም አስከትሎ የወጣ ይመስላል።

በቦታው ምን ተተካ? ደራሲው ራሱ ከፋይ ሆነ። ዛሬ አንድ አዲስ ጸሐፊ ታሪኮቹን በመጽሐፍ ሊያወጣ ቢፈልግ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው የእጅ ጽሑፉንና ገንዘቡን ይዞ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል፤ ማተሚያ ቤቱ አይከስርም። መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ሢሶ የሚጠጋውን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠውን ለራሱ ቈርጦ ይወስዳል፤ ቀሪውንም ሲሸጥ ይሰጣል፤ አከፋፋዩም አይከስርም። ያልተሸጠው ካርቶን ተመልሶ በደራሲው አልጋ ሥር ይገባል። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል ከእኅት ደመወዝ፣ ከአጎት ብድር፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ፣ አለዚያም በሽፋኑ ጀርባ ማስታወቂያ ከሚያወጣ ነጋዴ ነው። አጎትና ስፖንሰር የሌለው ታሪኩን ይዞ ይቀመጣል። ይህ አሠራር የሚመርጠው ጥሩውን ጸሐፊ ሳይሆን ዘመድ ያለውን ጸሐፊ ነው።

ሌላም አለ። ማታ ማታ ታሪክ በድምፅ የሚተርኩ የዩቱብ ገጾችን የማይሰማ ተማሪ በመኝታ ቤታችን የለም፤ እኛም እንሰማለን። ሬድዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ካሰማን ወዲህ ይህ ሕዝብ ታሪክ በጆሮው መስማት ይወዳል። ነገር ግን ከእነዚህ ተራኪዎች ስንቶቹ ለደራሲው ደውለው ፈቃድ ጠየቁ? በቴሌግራም መጽሐፍ እያነሡ የሚለጥፉትስ? «ዕውቀትን ለወገን ማዳረስ» ይሉታል። የሌላ ሰው በግ አርዶ ጎረቤት የሚጋብዝም እኮ ቸር ይባላል፤ ባለበጉ እስኪመጣ ድረስ።

ሕጉ ዝም ያለ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብትም ስለ ኅትመት ውልም ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። በዚህ ሕግ ታሪኩ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ፣ የትም ሳይመዘገብ፣ የጸሐፊው ነው፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ሃምሳ ዓመት። ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ማባዛትና ማሠራጨት አይቻልም። ስም የማስጠራት መብት ደግሞ ራሱን የቻለ መብት ነው። ልብ በሉ፤ ስም መጥራት ለጸሐፊው በሕግ የተሰጠ መብት ከሆነ፣ በክፍያ ምትክ ሊሰጥ የሚችል ስጦታ አይደለም ማለት ነው። የእኔኑ መብት ለእኔ እየሰጠ «ይኸው ከፈልኩህ» የሚለኝ ሰው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር?

ለምን ዝም እንላለን? ከአቀስታ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከቱሉ አውሊያ ወይም ከሳይንት የመጣ ተማሪ ጋዜጣ አዘጋጅ የሚባለውን ሰው በዓይኑ አይቶት አያውቅምና። አዘጋጁ ያለው አዲስ አበባ ነው። የእኛ ታሪክ ከአቀስታ ተነሥቶ፣ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ ደሴ አድሮ፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲተላለፍ ይከርማል። ኢንተርኔት መጣና ተገላገልን ስንል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ጦርነቱ ከዚህ የከፋ ብዙ ነገር አድርጓልና ስለ ታሪክ መላክ ማልቀስ ነውር ሊመስል ይችላል። ግን በዚያ ጊዜ የተጻፉትን ታሪኮች ማን ያሳትማቸው? ያንን ክረምት የኖረው ሰው ነው ሊጽፈው የሚችለው፤ እርሱም ገንዘብ የለውም።

ከእኛ አንዱ ከዓመታት በፊት ሁለት ታሪኮች በሰው እጅ ልኮ ነበር። ለማን እንደላከ አንናገርም። መልስ ሳያገኝ ሰባት ወር ከቆየ በኋላ አንደኛው፣ የበጎቹ ውርጭ ሳይቀር፣ የእናቱም የአነጋገር ዘይቤ ሳይቀር፣ በሌላ ሰው ስም ሲነበብ ሰማ። ደውሎ ቢጠይቅ «ማስረጃ አለህ?» ተባለ። ቅጂ አላስቀረም ነበር፤ በደብተር የጻፈውን ብቸኛ ጽሑፍ ነበር የላከው። ይህ ልጅ ዛሬ የሒሳብ አያያዝ ይማራል። ጥሩ ተማሪ ነው፤ ታሪክ ግን አይጽፍም። ሥነ ጽሑፋችን ምን እንዳጣ የሚያሰላ የሒሳብ መዝገብ የለም።

ለመምህራኖቻችን አንድ ተጨማሪ ነገር እናስታውሳለን። መምህር በምርምር መጽሔት ላይ ጽሑፍ ሲያወጣ መጽሔቱ ላይከፍለው ይችላል፤ ስሙ ግን ይወጣል። ያ ስም ተቈጥሮ ለማዕረግ ይሆናል፤ ማዕረጉም የደመወዝ ጭማሪ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ «ስም ይበቃል» የሚለው ቃል በመምህር አፍ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ ስም በባንክ ይመነዘራልና። የእኛን ስም የሚመነዝር ባንክ እስካሁን አልተከፈተም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው።

ገንዘብ ሥነ ጽሑፍን ያረክሳል ለሚሉት ደግሞ የሕክምና ተማሪ የነበረውን አንቶን ቼኾቭን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1880 በሞስኮ ዩኒቨርስቲ እየተማረ በቀልድ መጽሔቶች ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ክፍያው በመሥመር ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ለአንድ መሥመር አምስት ኮፔክ። አባቱ ከስረው ነበርና እናቱንና ወንድሞቹን የረዳው በዚያ ሣንቲም ነው። በመሥመር እየተከፈለው የጻፈው ሰው የዓለም አጭር ልብ ወለድ አባት ሆነ። መጽሔቶቹ ታላላቅ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ከእኛ ወረቀት የማይሻሉ የሳቅ ወረቀቶች ነበሩ። ነገር ግን ይከፍሉ ነበር፤ ስለሚከፍሉም «አሳጥረው» ይሉት ነበር፤ እርሱም ማሳጠር ተማረ።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ከሁሉ ትበልጥብናለችና ትንሽ እንቆይባት። በነጻ የሚወጣ ጽሑፍ ለምን ይደክማል? አዘጋጁ ስላልከፈለ «እንደገና ጻፈው» ለማለት ድፍረት የለውም፤ ጸሐፊውም ስላልተከፈለው እንደገና ለመጻፍ ትዕግሥት የለውም። አንዱ ስጦታ ሰጭ፣ ሌላው ስጦታ ተቀባይ ይሆናሉ፤ ስጦታ ደግሞ አይመዘንም። ባለፉት ዕትሞች በዚሁ ወረቀት የወጡትን ታሪኮች አንሥታችሁ እዩ፤ ስንቶቹ ናቸው በሕልም ተጀምረው በመንቃት የሚያልቁት? ስንቶቹ ናቸው በመጨረሻው መሥመር ልጅቱን በመኪና የሚገድሏት? አዘጋጁ ሃምሳ ብር እንኳ ከኪሱ ቢያወጣባት ኖሮ ያችን ልጅ አይገድላትም ነበር። ክፍያ ምጽዋት አይደለም፤ አዘጋጁ ጽሑፉን በጥንቃቄ እንዲያነብ የሚያስገድደው እርሱ ነው።

ለአዳዲስ ጸሐፊ ጓደኞቻችንም የምንለው አለ፤ ደስ አይላችሁም። ስማችንን በወረቀት ለማየት ከመጓጓታችን የተነሣ ታሪካችንን ለለመነንም ላልለመነንም እናድላለን። «ብቻ ይውጣልኝ» እንላለን። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። አንዱ ክፍያ የጠየቀ እንደሆነ አሥር ሰው በነጻ ሊሰጥ በበሩ ተሰልፎ ይገኛል፤ ከአሥሩ አንዱ ደግሞ ጠያቂውን «ገንዘብ ወዳድ» ብሎ ያማዋል። አዘጋጁ ለምን ይክፈል?

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሜሮን ሀደሮ በአንድ አጭር ታሪክ የኬይን ሽልማትን አሸነፈች፤ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ሽልማቱም 10,000 ፓውንድ ነበር። ደስ ብሎናል፤ ታሪኩም ስለ አንድ የአዲስ አበባ መንገድ ጠራጊ ልጅ ነው። ነገር ግን ለውድድሩ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ የታተመ ታሪክ ነው። እንግዲህ ስለ እኛ መንገድ ጠራጊ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዋጋ አለው፤ ራሱ መንገድ ጠራጊው በሚያነበው ቋንቋ ሲጻፍ «ስምህ ይወጣልሃል» ይባላል። በአማርኛ መጻፍ ቅጣት ሆነ ማለት ነው? በክፍላችን ጥሩ የሚጽፉት ልጆች ወደ እንግሊዝኛ ቢሸሹ ነገ ማን ሊወቅሳቸው ነው?

«ማኅበሩ ገንዘብ የለውም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ እናውቀዋለን። ለአንድ ቀን ስብሰባ ተሰቅሎ ማግሥቱን የሚወርደው ባነር በስንት ይሠራል? በየስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ሳይጠጣ የሚቀረው የላስቲክ ውሃስ? ማኅበራችን ገንዘብ የለውም ማለት ለታሪክ ገንዘብ የለውም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ድህነት ሳይሆን ምርጫ ነው። ወረቀታችን በነጻ ከሚታደል በጥቂት ሣንቲም ይሸጥ። ሻይ የሚጠጣ ተማሪ ይገዛዋል፤ ካልገዛውም ለምን እንዳልገዛው እናውቃለን፤ እስካሁን ማንበቡንም አለማንበቡንም አናውቅም።

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ለሚታተም ለእያንዳንዱ ታሪክ የአንድ ደስጣ ወረቀት ዋጋ ለጸሐፊው ይከፈል፤ የወረቀቱ ዋጋ ሲጨምር ክፍያው አብሮ ይጨምራል፤ ታሪኩ ከተጻፈበት ወረቀት ያንሳል የሚል ካለ ወጥቶ ይናገር። በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ውል ይጻፍ፤ በውሉም ማኅበሩ የሚያገኘው ታሪኩን አንድ ጊዜ የማተም ፈቃድ ብቻ መሆኑ፣ ጸሐፊው ኋላ በመጽሐፍ ሊያወጣው እንደሚችል ይጠቀስ። ላልተመረጠ ጽሑፍ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት መሥመር መልስ ይሰጥ፤ የእጅ ጽሑፉም ለባለቤቱ ይመለስ። የሥነ ጽሑፍ መምህራኖቻችን በየተራ አንባቢ ሆነው ይምረጡ፤ እነርሱም ለሚያነቡበት ጊዜ ከዚያው ሣጥን ይከፈላቸው፤ ለራሳችን የምንጠይቀውን ለእነርሱ አንከለክልም።

ውሉን እኛው ጽፈን አዘጋጅተናል። ቅጂው በቤተ መጻሕፍቱ የጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማረም የሚፈልግ በእርሳስ ያርም። ታሪክ በእጃችን ያለን እስካሁን ስድስት ነን፤ ማኅበሩ መልስ እስኪሰጠን ድረስ ለሚቀጥለው ዕትም አናስገባም። ሰባተኛ ለመሆን የሚፈልግ ስሙን ከውሉ ጀርባ ላይ ያስፍር፤ ጽሑፉንም ለማንም ከመስጠቱ በፊት ቅጂ ያስቀር።